«ስሜን ጎግል ሳደርገው ምንም የለም»፦ የሥራ ኃላፊዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የመጡት ከድርጅት ኃላፊዎች ነው። ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በስሜ መታወቅ አለብኝ ወይ፣ ካለብኝስ ክብሬን ሳልጥል እንዴት ነው የማደርገው? ፐርሰናል ብራንድ የሚባለው ነገር እኛ አገር ከጉራ ጋር ስለተቀላቀለ ብዙ ጨዋ ሰው ይሸሸዋል። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ ሙሉውን ለዚህ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹንና የድርጅቶቹን ስም ትተናል፣ ረጃጅሞቹንም ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ዕድሜዬ 50 አልፏል። ልጆቼም የቦርድ አባላቱም «ሊንክዲን ላይ ጻፍ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እኔ ታይታ አልወድም። ሥራዬ ይናገር እያልኩ ነው ያደግኩት። በቀደም ስሜን ጎግል ሳደርገው ምንም የለም። ባልጽፍ ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፦ ታይታ አለመውደድዎን አይተዉት፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንዲያውም እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው። ግን «ሥራዬ ይናገር» የሚለው የሚሠራው ሥራዎን ያየ ሰው ዘንድ ነው። ሐምቡርግ የተቀመጠ ገዢ ሥራዎን አላየም። ናሙናውን ቀምሶ ወዶታል፤ ግን ውሉን ከመፈረሙ በፊት «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብሎ ስምዎን መፈለጉ አይቀርም። ዋጋ ሲወጣ ውል አፍርሶ የጠፋበት ላኪ ካጋጠመው ደግሞ ፍለጋው ይጠብቃል። ባዶ ገጽ ሲያገኝ ስለ እርስዎ ክፉ አያስብም፤ ግን ለሌላ ላኪም ደብዳቤ ይጽፋል። የሚጎድልብዎት ይሄ ነው።

መጀመሪያ ስምዎን ያስተካክሉ። ጸጋዬ የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል በአራት በአምስት ዓይነት ይጻፋል። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ይያዙና ቢዝነስ ካርድዎም፣ ኢሜልዎም፣ ሊንክዲንዎም በዚያው ይሁን። የአባት ስምም አይዝለሉ፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልግዎት በአባት ስም ነው። ከስምዎ ሥር ያለችው መስመር ላይ «ባለ ራዕይ መሪ» ምናምን አይጻፉ። «ከሲዳማና ከጌዴኦ የታጠበ ቡና ወደ አውሮፓ እልካለሁ» ቢሉ ይበቃል። አንባቢው በአንድ መስመር ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ከዚያ ጽሑፉ። ጉራ የሚሆነው ስለ ራስዎ ሲያወሩ ነው፤ ስለሚያውቁት ሥራ ሲያወሩ ግን ፍርዱ የአንባቢው ነው። እርስዎ ደግሞ የሚያውቁት ሞልቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን የደን ጭፍጨፋ ደንብ ይውሰዱ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይላል፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ የጂፒኤስ መረጃም ይፈልጋል። ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ቢገፋም ገዢዎች ጥያቄውን ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ አገር ደግሞ ቡና የሚመጣው ከአንድ ሄክታር ያነሰ ማሳ ካላቸው በጣም ብዙ አርሶ አደሮች ነው። አንድ ኮንቴይነር ውስጥ የስንት ሰው ቡና እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ። የእነዚህን ሁሉ ማሳ መረጃ እንዴት እየሰበሰባችሁ ነው? የት ላይ ተቸገራችሁ? ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ልጅ በቀን ስንት ቤት ያዳርሳል? ይህንን በ15 መስመር ቢጽፉ ገዢው ያነበዋል፣ ሌላው ላኪ ያነበዋል፣ ጉዳዩ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰውም ያነበዋል። አንድም ቦታ «እኔ ጎበዝ ነኝ» አላሉም።

ያልሆነላችሁንም ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በዚህ ሳምንት የገባው ቡና እርጥበቱ 13 በመቶ ሆኖ አገኘነው። ተጨማሪ እንዲደርቅ መለስነው። መርከቡ ያመልጠናል፤ ለገዢው በዕለቱ ነግረነዋል።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ቡና የሚገዛ ሰው ግን ይህን ሲያነብ ከየትኛውም የሽልማት ፎቶ በላይ ያምንዎታል፤ ምክንያቱም እርጥበቱ ከ12 በመቶ ያለፈ ቡና መንገድ ላይ ሻጋታ ሊያወጣ እንደሚችል ያውቃል። መጠንቀቅ ያለብዎት የገዢውን ስምና የውሉን ዋጋ እንዳያወጡ ብቻ ነው።

ቤተልሔም ጥላሁንን ያስታውሷታል? እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን ስትጀምር ለዓለም የነገረችው ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ጎማው ሶል፣ በእጅ ስለሚፈተለው ጥጥ ነበር። ሰው ጫማውን ሲያውቅ እሷንም አወቀ።

በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዎታል። ከጥቅምት እስከ ጥር እሸት በሚለቀምበት ጊዜ ቢያበዙትም አይከፋም፤ ያኔ የሚነገር ነገር አያልቅም።

ጥያቄ፦ የአንድ የግል ባንክ የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አንዱ ሊንክዲን ይለኛል፣ አንዱ ቴሌግራም፣ አንዱ ቲክቶክ። ጊዜ የለኝም። የቱን ልያዝ? በእንግሊዝኛ ወይስ በአማርኛ ልጻፍ?

መልስ፦ አንዱን ይያዙ። ሁሉም ላይ ልሁን ያለ ሰው በሦስተኛው ወር ሁሉንም ይተዋል፤ የመጨረሻው ፖስት ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ገጽ ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

የቱ እንደሚሻል የሚወስነው ማን እንዲያነብዎት እንደሚፈልጉ ነው። ሊንክዲን ከ1 ቢሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ይላል፤ ለእርስዎ ግን ቁጥሩ ሳይሆን እዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው ቁም ነገሩ። የውጭ ባንኮች ሰዎች፣ ኢንቨስተሮች፣ ቀጣሪዎች፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ የሙያ ባልደረቦችዎ እዚያ ናቸው። የመርካቶ ነጋዴ ግን ሊንክዲን ላይ የለም፤ ቴሌግራም ላይ ነው። የቴሌግራም ቻናል ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ የጻፉት ነገር በጻፉበት ቅደም ተከተል ለተከታዩ ሁሉ ይደርሳል፤ ማን ይየው ማን አይየው ብሎ የሚመርጥልዎት የለም። ቲክቶክ ካሜራ ፊት ዘና ብሎ ማውራት ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ካልሆነልዎት አያስገድዱት።

እርስዎ የዲስትሪክት ኃላፊ ስለሆኑ ደንበኛዎ ነጋዴው ነው። እኔ ብሆን ቴሌግራም ላይ፣ በአማርኛ እጽፍ ነበር። አማርኛ ስልዎ የጋዜጣዊ መግለጫ አማርኛ አይደለም። ደንበኛው ጠረጴዛዎ ፊት ተቀምጦ ሲጠይቅዎት የሚመልሱለትን አማርኛ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ ብድር ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲጥል (በኋላ ከፍ ተደርጓል) ብድር የተከለከለው ነጋዴ ሁሉ የተጣላው ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ጋር ነበር። «ቤቴን አስይዣለሁ፣ ዕዳዬን በወቅቱ ከፍያለሁ፣ ለምን?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጣሪያው ምን እንደሆነ፣ ባንኩ ለምን ደጋግሞ እምቢ እንደሚል፣ ነጋዴው በዚያ መሀል ምን ማድረግ እንደሚችል በአሥር መስመር አማርኛ የጻፈ የባንክ ሰው ቢኖር ኖሮ ጽሑፉ ከሱቅ ሱቅ ይዞር ነበር። እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ በየጊዜው ይመጣል። ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት ምን እንደሚጠየቅ፣ የመያዣ ግምት ለምን ከገበያ ዋጋ እንደሚያንስ፣ ወለድ እንዴት እንደሚሰላ፤ ሰው ሊያውቀው ይፈልጋል፣ የሚነግረው ግን የለም። ከመጀመርዎ በፊት ብቻ የባንክዎን የኮሙኒኬሽን ክፍል ያነጋግሩ፤ ምን መጻፍ እንደሚፈቀድልዎት በኢሜል ይላኩልዎ፣ ወረቀት ላይ ይኑር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው እንደነበር አይረሱም። ሁሉንም ነገር አንድ ቻናል ላይ የከመረ ሰው ያኔ አፉ ተዘጋ። የሚጽፉትን ሁሉ ኮምፒዩተርዎ ላይ ያስቀምጡ፣ የዋና ዋና ደንበኞችዎን ኢሜልና ስልክ ደግሞ ባንኩ በሚፈቅደው መንገድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ነኝ። አንድ የዲጂታል ማርኬቲንግ ድርጅት በየወሩ ከከፈልኩት ፖስቶቹን ሁሉ በስሜ እንደሚጽፍልኝ፣ በሁለት ወር ውስጥም 10 ሺህ ፎሎወር እንደሚያመጣልኝ ቃል ገብቶልኛል። ልፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ።

ፎሎወሩን እንይ። በሁለት ወር 10 ሺህ ሰው የሚያመጣልዎት ያው የሚሸጥ አካውንት ነው። 10 ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ላይ ስድስት ላይክ ሲታይ ማንም ሰው ይገባዋል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶቹም ሐሰተኛ አካውንቶችን በየጊዜው ስለሚጠርጉ ቁጥሩ አንድ ቀን ቁልቁል ይወርዳል፣ ያንንም ሰው ያያል። ለመድኃኒት አስመጪ ደግሞ ይሄ ከማንም በላይ ይጎዳል። እናት ለልጇ የምትሰጠውን መድኃኒት ነው የሚያመጡት፤ ስምዎ ላይ ትንሽ ማጭበርበር ከታየ መድኃኒቱንም ሰው ይጠረጥራል።

የጽሑፉ ነገር ትንሽ ይለያል። ጊዜ የለዎትም፣ ይገባኛል፤ ለሰው ከፍሎ ማስተካከልም ነውር የለውም። ግን ሐሳቡ ከእርስዎ መውጣት አለበት። ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሰው የተተወ ገጽ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን፤ በበዓል በበዓሉ የእርስዎ ፎቶ ያለበት የ«እንኳን አደረሳችሁ» ፖስተር፣ በመሀሉ «ስኬት የልፋት ውጤት ነው» የሚል ጥቅስ። ከጎረቤት ድርጅት ገጽ በምንም አይለይም። አሁን ደግሞ በኤአይ የተጻፈው በዝቷል፣ አንባቢውም ሁለት መስመር አንብቦ ያልፈዋል።

እንዲህ ያድርጉት። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ደጋግሞ የጠየቀዎትን አንድ ጥያቄ ይያዙ። «የኢንሱሊን ዋጋ ለምን ጨመረ?» «ከመጋዘን እስከ ፋርማሲ ቅዝቃዜው እንዴት ይጠበቃል?» መኪና ውስጥ ሆነው፣ ሹፌሩ እየነዳ፣ ስልክዎን ያውጡና ለጸሐፊዎ ወይም ለሚያምኑት ልጅ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ይላኩለት። ለደንበኛው እንደሚመልሱለት አድርገው ነው የሚያወሩት። «ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ መብራት ሲጠፋ እኛ መጋዘን ውስጥ እንዲህ ነው የሚደረገው» እያሉ። ልጁ ቃልዎን ሳይለውጥ ይገልብጠው፣ ድግግሞሹን ያውጣለት፣ ፊደሉን ያስተካክል። እርስዎ ማታ አንብበው፣ አፍዎ የማይለው ቃል ካለ ሰርዘው ይልቀቁት። ክፍያ ካማረዎት ለእንዲህ ዓይነቱ አራሚ ይክፈሉ፣ ከተባለልዎት ዋጋ በጣም በትንሹ ያገኛሉ።

ለኮሜንት ግን ራስዎ ይመልሱ። አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ጠይቆዎት ሌላ ሰው በስምዎ ቢመልስለትና ነገ በአካል ሲገናኙ ነገሩን ባያውቁት፣ የተሠራው ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፤ የግንባታ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። ስለ ሥራዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር፣ ሰውም ወደደው። ግን ስለ መልኬ የሚጻፈው ኮሜንት፣ ሌሊት ኢንቦክስ የሚገባው ነገር መረረኝ። እናቴም ባለቤቴም «ምን አስጨነቀሽ፣ ተይው» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፣ እህቴ። የምትናገሪውን የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። ፋብሪካ ወለል ላይ ቆማ ምርት የምትመራ ሴት ስለ ማሽን ብልሽት፣ ስለ ፈረቃ፣ ስለ ሲሚንቶ እጥረት ስትጽፍ፣ የምህንድስና ትምህርት ቤት ውስጥ ያለች ልጅ ታነባታለች። ያቺ ልጅ ኮሜንት ላትጽፍልሽ ትችላለች፤ ግን አለች።

ግን «ቻዪው» አልልሽም። መቻል የለብሽም። በሩን ዝጊው። ሊንክዲን ላይ እያንዳንዱ ፖስት ሥር ማን ኮሜንት መስጠት እንደሚችል መወሰን ትችያለሽ፤ ለምታውቂያቸው ብቻ አድርጊው። ቴሌግራም ቻናል ላይ ኮሜንት ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ሥራሽን የተቸ ሰው፣ በሻካራ ቃል ቢሆንም እንኳ፣ መልስ ይገባዋል፤ «ያልሽው ድንጋይ ጥራቱ ዝቅተኛ ነው» ላለሽ ሰው የላብራቶሪ ውጤቱን አሳዪው። ስለ መልክሽና ስለ ሰውነትሽ የጻፈ ሰው ግን መልስ አይገባውም፤ አጥፊው፣ ብሎክ አድርጊው፣ ለማንም ማብራሪያ የለብሽም። የሚያስፈራራ ካለ ከማጥፋትሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺ፤ ቀኑና የአካውንቱ ስም ይታይ። ኢንቦክስሽን ሌሊት አትክፈቺ። የምትቀርቢያት የሥራ ባልደረባ ካለች ጠዋት ጠዋት እሷ ቀድማ አይታ የሥራውን ብቻ ታስተላልፍልሽ፤ ይሄ ብቻውን ብዙ ሸክም ያቀላል።

የልጆችሽን ፎቶና ትምህርት ቤታቸውን አታውጪ። የጎበኘሽውን ሳይት ከዚያ ከወጣሽ በኋላ ለጥፊው፣ እዚያው ሆነሽ አይሁን።

ይህን ለሚያነቡ ወንድ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር። የሥራ ባልደረባችሁ እንዲህ ስትሰደብ አይታችሁ ዝም ብላችሁ ማለፋችሁ እሷም ዘንድ፣ ሌሎች ዘንድም ይታያል። ከፖስቷ ሥር ገብታችሁ ስለ ሥራው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ጠይቁ። ሁለት ሦስት የተከበረ ሰው ስለ ሥራው የሚያወራበት ገጽ ላይ ተሳዳቢው ቦታ ያጣል። ይህን ማድረግ ደቂቃ አይፈጅም፣ ስለዚህ ምክንያት የለንም።

ጥያቄ፦ የአክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነኝ፤ ብዙ ሺህ ባለአክሲዮን አለን። የግል ገጼ ላይ ምን መጻፍ የለብኝም? «የግል አስተያየቴ ነው» ብዬ ብጽፍበት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እርስዎ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነዎት፤ ገጹ የግል ቢሆንም ቃልዎ የድርጅቱ ቃል ነው።

በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ድርጅት የኔትፍሊክስ ኃላፊ የነበረው ሪድ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፌስቡክ ገጹ ላይ ደንበኞቻችን በአንድ ወር ከ1 ቢሊዮን ሰዓት በላይ ተመለከቱ ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎት ነው የጻፈው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ግን «ይህን ለባለሀብቱ ሁሉ እኩል አሳውቀሃል ወይ?» ብሎ ምርመራ ከፈተ። በ2013 ሳይከሰው ቀረ፤ ድርጅቶች የትኛው ገጽ ላይ እንደሚያሳውቁ ቀድመው ከተናገሩ ማኅበራዊ ሚዲያን መጠቀም እንደሚችሉም ገለጸ። የኢሎን መስክ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። በኦገስት 2018 ቴስላን እያንዳንዱን አክሲዮን በ420 ዶላር ገዝቶ ከገበያ ለማስወጣት እንደሚያስብ፣ ገንዘቡም እንደተገኘ ትዊተር ላይ ጻፈ። እሱም ድርጅቱም እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ፣ ከቦርድ ሰብሳቢነቱም ወረደ። ለጥቂት ቃላት ነው ይሄ ሁሉ።

«ያ አሜሪካ ነው» እንዳይሉ። እኛም ዘንድ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ቆይቷል፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለ፣ የአክሲዮን ገበያውም ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ድርጅትዎ ገና ገበያው ላይ ባይመዘገብም ባለአክሲዮን አለዎት። ስለዚህ ያልታወጀ ትርፍ፣ የትርፍ ድርሻ፣ አዲስ አክሲዮን፣ ውህደት፣ ሊፈረም የተቃረበ ትልቅ ውል፣ እነዚህን በፍጹም አይንኩ። «በቅርቡ ትልቅ ዜና አለን» የሚለውም ያው ነው፤ ሰው ሰምቶ አክሲዮን ሊገዛ ይሮጣል።

ፖለቲካውን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሠራተኞችዎ በየክልሉ ናቸው፣ ሁሉም እርስዎን ያያል። አንድ ወገን ይዘው ሲጽፉ ሌላ ቦታ ያለው የቅርንጫፍ ሠራተኛዎ ጠዋት ደንበኛ ፊት ምን ብሎ እንደሚቆም ያስቡ። ሐዘን ሲደርስ ማጽናናት፣ ሰው ሲሞት ማዘን ግን ፖለቲካ አይደለም፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት ነው የሚከፋው።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰው ንብረት የሆነ የጅምላ ንግድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በቴሌግራምና በፌስቡክ በጣም ታወቅኩ። አሁን ባለቤቱ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። «ደንበኛው ሁሉ አንተን ነው የሚያውቀው፤ ነገ ጥለኸኝ ብትሄድስ?» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ክፋት አድርገህ አትየው። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበት ሱቅ በአንተ ስም ሲጠራ ሰምተው ነው። ስለዚህ ሳይከር በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትንም በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፉት። በስምህ የከፈትከው ገጽ ያንተ ነው፤ የድርጅቱ ቻናል የእሳቸው ነው። ቻናሉን በራስህ ስልክ ከፍተኸው ከሆነ ባለቤትነቱን አስተላልፍላቸው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል፣ የሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ግን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቀድመህ ማብራት ይጠበቅብሃል። አንተ አድሚን ሆነህ ትቀጥላለህ። ይህን ሳይጠይቁህ ብታደርገው ፊታቸው ይፈታል።

ሁለተኛው፣ ገጽህን መለስ ብለህ ተመልከተው። ስንት ቦታ ላይ ያንተ ፎቶ ብቻ አለ? ዕቃ የሚያወርዱት ልጆች፣ ሒሳብ የምትይዘው እመቤት፣ ሌሊት የሚነዳው ሹፌር ስማቸው አለ? ፈቃዳቸውን ጠይቀህ ስማቸውን ጥራ። የሰው ስም የሚጠራ ኃላፊ ደንበኛው ዘንድም ይከበራል።

ከሁሉ በላይ ግን ጋሼን ራሳቸውን አስቀምጣቸው። ሱቁ በር ላይ፣ ወንበራቸው ላይ። መርካቶ መጀመሪያ ምን ይዘው እንደገቡ፣ የመጀመሪያውን ዱቤ ማን እንደሰጣቸው፣ ዕቃ በምን ይጓጓዝ እንደነበር ጠይቃቸው። ስልክህን አቁመህ ቅረጽ። መሀል ላይ ደንበኛ መጥቶ ቢያቋርጣቸው አትቁረጠው፤ ሲከራከሩ፣ ሲስቁ፣ «ለአንተ ስል ነው» ሲሉ ይታይ። በድርጅቱ ቻናል ልቀቀው። አንተ ከጻፍከው ሁሉ የበለጠ ሰው እንደሚያየው እርግጠኛ ነኝ። የእሳቸው ስም ሲነሣ ያንተ አይወርድም፣ ያለህበት ቤት ነው ከፍ የሚለው።

ጥያቄ፦ የሎጂስቲክስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በስሜና በፎቶዬ ቴሌግራም ላይ አካውንት ከፍተው «መኪና በቅናሽ እናስመጣለን» እያሉ ከሰው ገንዘብ እየተቀበሉ ነው። ሁለት ሰው ቢሮዬ ድረስ መጣብኝ። ገጼን ዘግቼ ልጥፋ?

መልስ፦ አይጥፉ! እርስዎ ከጠፉ የሚቀረው ሐሰተኛው ብቻ ነው። ሰው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚለየው የእርስዎ ገጽ ክፍት ሲሆን ነው።

ዛሬውኑ እውነተኛ ገጽዎ ላይ ይጻፉ፤ «ይህ የእኔ አይደለም፣ እኔ በኢንቦክስ ከማንም ገንዘብ አልጠይቅም፣ ክፍያ የሚፈጸመው በድርጅቱ ሒሳብ ብቻ ነው።» የሐሰተኛውን አካውንት ስክሪንሾት ይለጥፉ፣ መጠሪያ ስሙ በግልጽ ይታይ። ይህንን ፖስት ከላይ ፒን ያድርጉት። የድርጅቱም ገጽ እንዲደግመው ያድርጉ፣ ቢሮው በር ላይም በወረቀት ይለጠፍ፤ ቢሮ ድረስ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቴሌግራም አያነብም። ለቴሌግራም ኖቱስካም (@notoscam) በሚባለው የማጭበርበር ጥቆማ መቀበያቸው ሪፖርት ያድርጉ፣ ጓደኞችዎም ሠራተኞችዎም ሪፖርት ያድርጉ።

ከዚያ ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበርንም የሌላ ሰውን ማንነት መስረቅንም ወንጀል አድርጎታል። ገንዘብ የከፈሉትን ሁለቱን ሰዎች ይዘው ቢሄዱ ይሻላል፤ የከፈሉበት የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ አላቸው፣ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ የማን እንደሆነ የሚታወቀውም ከዚያ ነው። እነዚህን ሰዎች ደግሞ እባክዎን በደንብ ያናግሯቸው፤ በስምዎ አምነው ነው ገንዘባቸውን ያጡት። ሻይ ይጋብዟቸው፣ ማመልከቻ ሲጽፉ የእርስዎ ሰው ያግዛቸው።

የራስዎን አካውንት የሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል ያብሩበት፣ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ኮድም ለማንም አይንገሩ፣ «ከቴሌግራም ነው የምንደውለው» ላለዎት ሰውም ቢሆን። ማስታወቂያውን ሐሰተኛው እስኪዘጋ ድረስ በየጥቂት ቀኑ ይድገሙት፤ አዲስ ደንበኛ በየቀኑ ስለሚመጣ የትናንቱን አላየውም።